«ትንሽ ነው የሚነዝረው»

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ስለ ባልና ሚስት መነጋገር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ አማትና ምራት ስንጫወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ መታጠቢያ ቤት ልወስዳችሁ ነው። «የመጋቢ ሚስት ስለ ሻወር ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። እኔም ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የዘገየሁት ርዕሱ አንሶብኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገላችሁን ስትታጠቡ የቧንቧውን መክፈቻ ስትነኩ ጣታችሁን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለ? ወይስ ውሃው ራሱ ሰውነታችሁ ላይ ሲወርድ እንደ ጉንዳን የሚያላውስ ስሜት ይሰማችኋል? «አዎ፣ ትንሽ ይነዝራል፤ ለምደነዋል» ካላችሁኝ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ በዚያ ሻወር አትታጠቡ።

ባለቤቴ መንዝ እንዲያገለግል በተላከ ጊዜ ትዳራችን ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ልጆች ነበሩን። መንዝ ደጋ ነው። የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው በማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ የተንቀጠቀጠበትን ቀን ያስታውስና ከዚያ የባሰ ያስብ። በኅዳርና በታኅሣሥ መስኩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያነጋል። ያገሩ ሰው ከበግ ጠጉር በተሠራው ባናና በርኖስ ይጠቀለላል። እንጨት ብርቅ ስለሆነ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ለሁለት ትልልቅና ለሁለት ትንንሽ ሰዎች ገላ የሚበቃ ውሃ በኩበት ማሞቅ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላዬ በሙሉ ያልቅ ነበር፤ ዓይኔ በጭስ ቀልቶ እሑድ አምልኮ ላይ ስቀመጥ ያለቀስኩ የሚመስላቸው እኅቶች ነበሩ።

መቼም የሸዋ ደገኛ ሙቅ ውሃ ፍለጋው የቆየ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት በማሠራታቸው አይደል?

እንግዲህ በጋብቻችን መታሰቢያ ቀን ባለቤቴ ለስብሰባ ከሄደበት ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ካርቶን ይዞ ገባ። ከመርካቶ የገዛው የኤሌክትሪክ ሻወር ነበር። ወርቅ ቢያመጣልኝ እንደዚያ አልደሰትም።

ዕቃውን ላላያችሁት፦ ነጭ የፕላስቲክ የሻወር ራስ ነው። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ውሃ ሲከፈት ግፊቱ ውስጡ ያለውን መገናኛ ይገፋና ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይገባል፤ ሽቦው ይግላል፣ ውሃው በላዩ እያለፈ ሞቆ ይወርዳል። ውሃው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ነገሩን በሰፊው የጀመሩት ብራዚላውያን ናቸው፤ እዚያ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ዛሬም አብዛኛው ሕዝብ የሚታጠበው በእሱ ነው። ለጉብኝት የሚሄዱ ፈረንጆች ግን ከራስ በላይ የተንጠለጠለውን ሽቦ ሲያዩ ደንግጠው «የራስ ማጥፊያ ሻወር» የሚል ስም አውጥተውለታል። እኔ ስሙን ስሰማ የሳቅኩት ያኔ ነው። አሁን አልስቅም።

ከጉባኤያችን መካከል «ኤሌክትሪክ ያውቃል» የምንለው አንድ ወንድም ነበር። የጸሎት ቤቱን አምፖል የሚቀይር፣ ድምፅ ማጉያው እምቢ ሲል የሚጠራ፣ ደግና ትሑት ሰው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰቀለልን። ገንዘብ ብንሰጠው በፍጹም አልቀበልም አለ። ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዕቃው ሦስት ሽቦ ይወጣል፤ አንደኛው አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሁለቱን ከጣራው ላይ ከአምፖሉ መስመር ጋር አገናኝቶ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ሦስተኛውን በጉጠት ቆርጦ ጣለው።

«ይኼኛውስ?» አልኩት።

«ይኼ ትርፍ ነው፣ እትዬ። አያስፈልግም።»

እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ ግሪክኛ ተምሬአለሁ፤ ስለ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ግን ያስተማረኝ የለም። ደግሞስ በነፃ የሚሠራልኝን ወንድም «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ ልጠይቀው? ሻይ አፍልቼ አቀረብኩለት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታ አይነገርም። ከዚያ ብሬከሩ መውረድ ጀመረ። ሻወሩ ተከፍቶ ጥቂት እንደቆየ «ቀጭ» ይልና ቤቱ ይጨልማል። ወንድማችን መጣና ትንሹን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 አምፔር ገጠመልን። ከዚያ በኋላ አልወረደም። ችግሩ ተፈታ ብለን አመሰገንን።

ሌላው ደግሞ ውሃው ነው። ጠዋት ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። 10 ዲግሪ ነው እንበል። ባለ 5,500 ዋት ሻወር በደቂቃ ሦስት ሊትር ብቻ ብታሳልፉለት በ26 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ 36 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ለብ ያለ ውሃ ነው እንጂ ትኩስ አይባልም። ስለዚህ ደገኛው ምን ያደርጋል? ማስተካከያውን መጨረሻው ላይ አድርጎ ውሃውን ያቀጥነዋል። እኛም ያንኑ አደረግን። ቆላ ያለ ሰው በዝቅተኛው ሙቀት ይታጠባል፤ ደጋ ያለው ግን ዓመቱን ሙሉ ዕቃውንም ሽቦውንም እስከ መጨረሻው ያስጨንቃቸዋል።

መንዘሩን የጀመረው በሁለተኛው ወር ነው። የቧንቧውን መክፈቻ ስዘጋ ጣቴን ቁንጥጥ አደረገኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት።

«እኔንም አንድ ሁለት ጊዜ ነዝሮኛል፤ ትንሽ ነው» አለኝ። «ነጠላ ጫማ አድርጊ።»

አደረግሁ። ለልጆቹም ገዛን። ለሰባት ወር ያህል ቤተ ሰቡ በሙሉ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ታጠበ። ውሃውን የምንዘጋው በደረቅ ፎጣ ይዘን ነበር። አሁን ስጽፈው እንደ እብደት ይታየኛል። ያኔ ግን እንደ ጥበብ ነበር የቆጠርነው፤ ለእንግዶቻችንም «ጫማ ሳታደርጉ እንዳትገቡ» ብለን እንመክር ነበር። ከእንግዶቻችን መካከል «ለምን?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። የአገልጋይ ቤት ነዋ።

አንዲት ቀን የባለቤቴ እናት ሊጠይቁን መጡ። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድረዋል። እሳቸውን በሙቅ ውሃ ላሳርፋቸው ጓጓሁ። ፎጣና ሳሙና አቀረብኩላቸው፣ ውሃውን ከፍቼ አስተካከልኩላቸውና ወጣሁ። ነጠላ ጫማውን ደጃፉ ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ። እማማ ግን ጫማ አድርጎ መታጠብ ምን የሚሉት ነገር ነው ብለው በባዶ እግራቸው ገቡ። መሸጎጫውን አያምኑትምና በሩንም አልቆለፉትም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሳህን እያጠብኩ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፤ ከጥርስ መካከል የሚወጣ ማቃሰት ነው። ስገባ እማማ መክፈቻውን በቀኝ እጃቸው እንደጨበጡ ደርቀው ቆመዋል። ዓይናቸው ያየኛል፤ አፋቸው አይናገርም። ሮጬ ትከሻቸውን ያዝኩ። ክንዴን እንደ በትር የመታኝ ነገር ወርውሮ ከበሩ መቃን ጋር አላተመኝ። ተነሥቼ ወደ ቆጣሪው ሮጥኩና ብሬከሩን በሙሉ አወረድኩት። ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቀዋል።

ይተነፍሱ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፤ ወተት አምጡ የሚል ነበር፣ በጥፊ የሚመታ ነበር፣ የምንጸልይም ነበርን። ጤና ጣቢያ ተኝተው አደሩ። መዳፋቸው ላይ የተቃጠለው ቦታ ለመዳን አንድ ወር ፈጀ። ጠባሳው አልለቀቃቸውም።

ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ በትዳራችን ካየናቸው ጠቦች ሁሉ የከፋውን ተጣላን። «ነግሬህ ነበር» አልኩት። «ነግረሽኝ ነበር፤ አንቺስ ለምን አላቆምሽውም?» አለኝ። ሁለታችንም እውነት ነበረን። ለካ ሰባት ወር ሙሉ እኔ ለእሱ፣ እሱ ለእኔ ትተነው ኖሮአል። ያም ወንድም እንዳይከፋው ሁለታችንም ፈርተናል። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው እያልን እናሳድጋለን፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት እናት ሊገድልብን ነበር።

ከደብረ ብርሃን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አስመጣን። ጣራውን ከፍቶ የአምፖሉን መስመር አሳየን። የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ሻማ ተንጠባጥቧል፤ ራቁቱን የቀረው መዳብ ሻወሩን የተሸከመው የብረት ቧንቧ ላይ ጋደም ብሏል። ያብራራልንን ነገር እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤታችሁን እንድታዩበት ነው።

ባለ 5,500 ዋት ሻወር በ220 ቮልት ሲሠራ 25 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ነው። ምጣዳችሁን ከአምፖል መስመር ላይ ትቀጥሉታላችሁ? አትቀጥሉትም። የአምፖል መስመር አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ የሚሠራ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሻወር ቢያንስ 4፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ያስፈልጋል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እጥፍ ሲሆን ግለቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ትንሹ ብሬከር ይወርድ የነበረው ሽቦው እንዳይቃጠል እየጮኸልን ነበር። እኛ ደግሞ የሚጮኸውን አስወጥተን ዝም የሚለውን አስገባን። ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው ነው፤ ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን ማሳደግ ማለት ቤት ውስጥ እሳት ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። ብሬከር ሰው አያድንም! እኔ ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። «ብሬከር አለን» ስል ሰውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ከ10 ሚሊ አምፔር ጥቂት ያለፈ ኤሌክትሪክ ጡንቻን አኮማትሮ እጅ የጨበጠውን እንዳይለቅ ያደርጋል። እማማን የያዛቸው ይህ ነው። 30 ሚሊ አምፔር ካለፈ ልብን ሊያናውጥ ይችላል። ባለ 32 አምፔር ብሬከር የሚወርደው ግን ከዚህ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ሲሆን ነው። ሰው በፊቱ እየሞተ ብሬከሩ ምንም አይሰማውም።

ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ያ «ትርፍ» ተብሎ የተቆረጠው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው፤ ባለሙያዎች ኤርዝ ወይም ግራውንድ ይሉታል። ብዙዎቹ የሻወር ራሶች የሚያሞቁበት ሽቦ ሽፋን የለውም፤ ራቁቱን ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ በውሃው ሾልኮ መውጣቱ አይቀርም። ኤርዙ ካለ የሾለከው ወደ መሬት ይወርዳል። ኤርዙ ከተቆረጠ ግን መሬት የሚደርስበትን ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው መክፈቻውን ሲነካ መንገድ ሆነለት ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጣታችንን ይቆነጥጥ የነበረው ይህ ነው። የባሰው የመጣው የጣራው ሽቦ ቀልጦ ብረቱን ሲነካ ነው። ነጠላ ጫማው ያደረገልን ነገር ቢኖር ማስጠንቀቂያውን እንዳንሰማ ማድረግ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጠባቂ አርሲዲ የሚባለው፣ አንዳንዶች ሊኬጅ ብሬከር የሚሉት ዕቃ ነው። የሄደው ኤሌክትሪክና የተመለሰው እኩል መሆናቸውን ይመዝናል። ለቤት የሚሆነው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሲሆን ያን ያህል ከጎደለ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንድ ጊዜ ስትጫኑት መውረድ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽፋን የሌለው ሽቦ ያለው ሻወር በሚያሾልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ የተነሣ አርሲዲውን ያስቸግረዋል፤ ያኔ አንዳንድ ሠራተኛ «ይኼ ነው ችግሩ» ብሎ አርሲዲውን ያወጣዋል። አትፍቀዱ። የሚለወጠው የሻወሩ ራስ ነው፤ ማሞቂያው ሽፋን ያለውን ዓይነት ጠይቁ።

ስለ ኤርዝም ሳልጨርስ። «ኤርዝ አለው» መባል ብቻውን አይበቃም። ሶኬታችሁ ላይ ሁለት ብረት ጎን ለጎን ታያላችሁ፤ ከበስተጀርባው ሽቦ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። አንዳንዱ ኤርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረዋል። ድሮ ቧንቧው ሁሉ ብረት ሆኖ መሬት ውስጥ ሲቀበር ያስኬድ ይሆናል፤ ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ብረት የሆነውም ቢሆን የእናንተን ችግር ለጎረቤት ቧንቧ ያቀብላል። ሌላው ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል፤ አንድ ቀን ኒውትራሉ የተበጠሰ እንደሆነ የሻወሩ ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ትክክለኛው መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ነው፤ ተቀብሮም በመሣሪያ መለካት አለበት። በመንዝ ያለው ቋጥኝ ደግሞ ዘንግ በቀላሉ አያስገባም። ባለሙያው እንዳሳየን፣ ዘንጉ ጥሩ መሬት ሳያገኝ ቀርቶ ተቃውሞው 100 ኦም ቢሆን፣ ችግር ሲፈጠር የሚያልፍበት ሁለት አምፔር ያህል ነው፤ ትልቁ ብሬከር በዚህ አይወርድም፣ አርሲዲው ግን ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ደጋና ድንጋያማ አገር ያላችሁ በተለይ፣ ሁለቱም ይኑራችሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ሻወሩ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ይኑረው። በስፒና ሶኬት ላይ አይሰካ፤ ተራ ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው። ሽቦው የሚያያዘው በናስትሮ ሳይሆን በሸክላ ማያያዣ ነው። ማጥፊያው ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ሆኖ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ይሁን። ሙቀቱን የምትለውጡት ውሃው ተዘግቶ ነው፤ እየታጠባችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አትስደዱ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው አየር ስለሚይዝ መጀመሪያ ማጥፊያውን ዘግታችሁ ቀዝቃዛውን አፍስሱ፤ አለዚያ ሽቦው በደረቁ ይቃጠላል። ሮቶውም ከሻወሩ በቂ ከፍታ ከሌለው ዕቃው በቅጡ አይሠራም፤ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ደግሞ ሳትነቅሉት እጃችሁን ውሃው ውስጥ አትክተቱ።

«ቦይለርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ቦይለርም ያለ ኤርዝ አደገኛ ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ውሃው ከሞቀ በኋላ አጥፍታችሁ መግባት ትችላላችሁ። የሻወሩ ራስ ግን የሚሠራው እናንተ ከሥሩ ቆማችሁ ሳላችሁ ነው። ቦይለር ላላችሁ ምክሬ ይህ ነው፦ አሙቁ፣ አጥፉ፣ ከዚያ ታጠቡ።

ምናልባት ክፉ ቀን ቢመጣ፣ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። የተያዘውን ሰው አትንኩት። መጀመሪያ ወደ ቆጣሪው ሩጡና አጥፉ። ማጥፋት ካልቻላችሁ ደረቅ ቦታ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ግፉት። ወተት አታጠጡ። ካልተነፈሰ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች በፍጥነት ጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳታቋርጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ በፍጹም ሳትታይ እንዳታድር።

አሁን ወደዚያ ወንድም ልመለስ። ባለቤቴ ሄዶ ነገረው። እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ አልቻልኩም። ሲመለስ እንደነገረኝ ወንድማችን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ግን ቀና ብሎ «ሌሎች አራት ቤቶችም ሠርቼአለሁ» አለው። አንደኛው አራስ ያለችበት ቤት ነበር። ሁለቱ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ምሽት በባትሪ እየዞሩ አራቱንም አቋረጡ። የአራሷ ባል ተቆጥቶ «በዚህ ብርድ ሙቅ ውሃ ትነሡኛላችሁ?» ብሎ ነበር፤ የእማማን መዳፍ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲያይ ነገሩት። እኔ ያን ወንድም ከዚያ ቀን ወዲህ የበለጠ አከብረዋለሁ። «አራት ቤት ሠርቼአለሁ» ለማለት የሚበቃ ስንት ሰው አለ? በኋላ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሙያውን ተማረ።

ባለቤቴ በዚያ እሑድ ያዘጋጀውን ስብከት ትቶ ዘዳግም 22፥8ን አነበበ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ የሚያዝዘው ሕግ ነው። ሰባት ወር በነጠላ ጫማ የታጠበ ሰባኪ መሆኑንም ሳይደብቅ ለጉባኤው ተናገረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ እንደዚያም ሆኖ ፊቴ እንደ ፍም ጋለ።

እናንተ ባሎች፣ ሚስታችሁ «ነዘረኝ» ስትል ጫማ አትግዙላት፤ ባለሙያ ጥሩላት። እኅቶች ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ተናግራችሁ ካልተሰማችሁ ማጥፊያውን ራሳችሁ አውርዱት። ተከራዮች፣ አከራዩ «ሌላው ተከራይ ምንም አላለ» ቢላችሁ በባልዲ ታጠቡ እንጂ አትከራከሩ። የሚሠራላችሁን ሰው «የሙያ ማረጋገጫ አለህ?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። በነፃ የሚሠራላችሁ ወንድም ከሆነ ደግሞ ሻዩን ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁት።

እማማ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መጡ። በዚያን ጊዜ መስመሩ ተለውጦ፣ ዘንጉ በጓሮ በኩል እርጥብ ቦታ ተፈልጎለት ተቀብሮ፣ አርሲዲው ተገጥሟል። አሁን ሁሉም ደኅና መሆኑን ላሳያቸው ቆጣሪው ጋ ወስጄ መሞከሪያውን ተጫንኩት። ቀጭ ብሎ ጠፋ። መልሼ አበራሁት።

«እስቲ ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት። ጠፋ።

ጠባሳቸውን በሌላው እጃቸው እያሻሹ ጥቂት ቆሙ። «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እናንተ ታጠቡበት። ለእኔ በጣሳ አሙቂልኝ።»

ኩበት ለቅሜ አነደድኩላቸው።